ክንፈ ሰማያዊዋ ዝይ ከበጎቹ መሀል

ብርቅ ዳክዬ ፍለጋ የሚወጡ ሰዎችን ቪዲዮ ማየት እወዳለሁ። በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቫራንገር በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ቴሌስኮፕ ተክለው ስቴለር ኤይደር የምትባለውን ትንሽ የባሕር ዳክዬ ይጠብቃሉ። ለእኔ የጠቀመኝ አንድ ዘዴያቸው ነው። ብርቋ ወፍ ለብቻዋ ተለይታ ላትገኝ ትችላለች፤ ከተራዎቹ መንጋ ተቀላቅላ ትውላለች። ስለዚህ መንጋውን በጅምላ አይተው አያልፉም፤ ከግራ ጀምረው እያንዳንዷን እየፈተሹ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። እኛ ሰሜን ሸዋ ባሕር የለንም። ጨፌ ግን አለን፤ በጨፌው ላይ ደግሞ መንጋ ሞልቷል፣ ያውም የበግ።

የእኛ ብርቅ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የምትኖርበት አገር የለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1845 ለሳይንስ ካስተዋወቃት ወዲህ በየወፍ መጽሐፉ አለች፤ እሷን ለማየት ብሎ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ ፈረንጅ አለ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ግን «አይቻታለሁ» ሲል ብዙም አልሰማሁም። ሳያያት ቀርቶ አይደለም፣ ልብ ብሎ አላያትም እንጂ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። 8 በ42 የሆነ ባይኖኩላር ይበቃል፤ 8ቱ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ ደግሞ የፊት መስታወቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ነው የሚነግራችሁ። ማጉያው ከዚያ በላይ ሲሆን እጅ በብርድ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምስሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከባይኖኩላሩ ይልቅ እኔ የምሟገተው ለጋቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ነጭ ያደርገዋል። የወፍ ተመልካች ትዕግሥት የሚያልቀው እግሩ ሲደነዝዝ ነው። የመንዝ ባና ያለው ሰው ደግሞ ማንንም አይለምን።

ከከተማው ወጣ ብዬ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት፣ በበጋም ከሥሩ ርጥበት የማያጣ ጨፌ መረጥኩ። ዝይዋ የምትበላው ሣር ነው፤ ውኃ አጠገቧ ይሁን እንጂ እንደ ዳክዬ ውኃ ላይ ስትንሳፈፍ አትውልም። ስለዚህ ኩሬው ላይ ማፍጠጥ ጊዜ መፍጀት ነው። ዓይንን ከውኃው ዳር ሃያ ሠላሳ እርምጃ መለስ አድርጎ አጭር የተጋጠ ሣር ላይ ማሳረፍ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባ እንድትሆን ከምሥራቅ በኩል ተቀመጥኩ፤ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላውን ሁሉ ብርሃኑ ራሱ ይሠራል።

መለየቱ ላይ ነው ጣጣው። ስሟ ሰማያዊ ይበል እንጂ ስትቆም ሰማያዊው አይታይም፤ ክንፏ ሲዘረጋ ብቻ ነው ከትከሻዋ በኩል ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ የሚወጣው። መሬት ላይ ያለችው ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለባት፣ መንቆሯ አጭርና ጥቁር፣ እግሯም ጥቁር የሆነ ወፍ ናት። በግ መሀል ብትቆም የተኛ ግልገል ልትመስል ትችላለች። ብዙ ጊዜ የምታምታታው የግብፅ ዝይ ናት፤ እሷ ግን ዓይኗ ዙሪያ ቡኒ ክብ አላት፣ እግሯ ወደ ሮዝ ያዘነብላል፣ ቁመቷም ረዘም ይላል። ከሁሉ በላይ የማያሳስተው ምልክት አካሄድ ነው። ክንፈ ሰማያዊዋ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ጭንቅላቷን ጀርባዋ ላይ አስደግፋ፣ ደረቷን ነፍታ ትራመዳለች። እየተራመደች እኮ ነው! ይህን አንዴ ያየ ሰው ከሩቅም አይሳሳትም።

እኔም በአካሄዷ ነው የያዝኳት። በጎቹን ከግራ ጀምሬ አንድ በአንድ ስቆጥር አንዷ «በግ» ጭንቅላት አልነበራትም። ጭንቅላቷ ጀርባዋ ላይ ነበራ! ጥቂት ቆይታ አንገቷን ዘረጋች፣ ከውርጩ ሥር ሣር ነጨች፣ መለሰች። ሁለተኛዋ ከጀርባዋ ነበረች። ከክረምቱ መንጋ ውጪ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ስለሚታዩ አንዷን ያገኘ ሰው ቶሎ ባይነሳ ይሻለዋል። አንዲት በግ በክንድ ርቀት ስታልፍ እንኳን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

በዚህ መሀል አንድ አዛውንት በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ።

«ልጄ፣ መሬቱን ልትለካው ነው?»

«አይ አባባ፣ ዝይ እያየሁ ነው።»

«ለመብል?»

«ለማየት ብቻ።»

«ለማየት? በዚህ ብርድ?» ብለው ሳቁብኝ፤ ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸውና ረጅም ጊዜ አዩ። ክረምት ሲሆን እዚያ ማዶ መንጋ ሆነው እንደሚሰበሰቡ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በከተማ ዳርቻ መነጽር ይዞ መሬት ማየት ሰውን እንደሚያሠጋ መገመት አይከብድም፤ ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት ሰላም ብሎ ምን እንደሚሠሩ መንገር ግዴታ ነው። እረኛና ባላገር ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ያውቃሉ፣ የሚጠይቃቸው የለም እንጂ።

ፎቶ ለማንሣት ብሎ ወፏን ማስነሣት ያናድደኛል። ሰማያዊውን ለማየት ሲባል ድንጋይ የሚወረውሩም አሉ። ታግሳችሁ ብትቀመጡ ራሷ ክንፏን ታፍታታለች፣ ወይም ውሻ ሲመጣ ትነሣለች፤ የእኔ ያን ቀን በውሻ ተነሣች። ሰማያዊውን ያየሁት ምናልባት ለሦስት ሰከንድ ነው፤ ስልኬን ባይኖኩላሩ ላይ ደግኜ ያነሣሁት ፎቶ ላይ ያለው ደግሞ ሣር ብቻ ነው።

እንዲህ የምትቀርበን ሰው አድኖ ስለማይበላት ነው። የውኃ ወፍ መብላት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ የአገሩ ሰው ብዙም አይነካትም። የሚጎዳት ሌላ ነው፦ ጨፌው በቦይ እየደረቀ ይታረሳል፣ ከብት ከአቅሙ በላይ ይግጠዋል፣ ዳሩ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ መሬት ጠቦታል። ይሁን እንጂ ጨፌን «ባዶ መሬት» ብሎ የሚመዘግብ ሰው ምን እየሰረዘ እንደሆነ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው መንዝ ጓሳ ድረስ ቢዘልቅ ይካሳል። እዚያ አባቶች የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጉ፣ በወቅቱ ብቻ እየከፈቱ ያስተዳድሩት ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ዛሬ ቦታው በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም አለበት። ወደ አንኮበር የሚወርድ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆም ይበል፤ እንግሊዛዊው ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 ያገኛት፣ በአንኮበር ስም የምትጠራው ቡኒ ዥንጉርጉር ትንሽ ወፍ እዚያ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬ ትለቅማለች። በጠዋት ድረሱ፤ ረፈድ ሲል ከቆላው የሚወጣው ጉም ገደሉን ሸፍኖ እጃችሁን እንኳን አያሳያችሁም።