ዳለቻና ነጮን የሰጠሁበት ቀን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬ ልደታ ናት። ሁለቱን ጥንቸሎች ለአዲሷ ባለቤታቸው አስረክቤ ገና አሁን ቤት ገባሁ።

ያገኘኋቸው መጋቢት 28 ቅዳሜ ማለዳ፣ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ ባለው መናፈሻ ነበር። የፈረንጆቹ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። እዚህ አገር ለበዓሉ ለልጅ የጥንቸል ግልገል የሚገዛ አለ፤ ስታድግና የኤሌክትሪክ ገመድ መቆርጠም ስትጀምር ደግሞ አውጥቶ ሜዳ ላይ የሚለቃት። እነዚህ ያደጉ ስለነበሩ የአምና ስጦታ ሳይሆኑ አልቀሩም። የለቀቃቸው ሰው ከዱር ዘመዶቻቸው ጋር ይኖራሉ ብሎ ይሆናል። የዚህ አገር የዱር ጥንቸል ግን ሌላ ወገን ነው፤ ከቤቱ ጥንቸል ጋር መዋለድ እንኳን አይችልም። ነጮ በዚያ አረንጓዴ ሣር ላይ ለጭልፊት የተዘረጋ ገበታ ነበር።

ጾም ስለነበር ከቤቴ ጎመን አይጠፋም። ጎመኑን ይዤ እርጥብ ሣር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የመጣችው ዳለቻ ናት። አንዱ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሌላው ጉንጯ ላይ ወድቋል። ስማቸውን አባቴ ለከብቶቹ ያወጣ እንደነበረው በመልካቸው አወጣሁላቸው።

የእንስሳት ሐኪሟ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ መሆናቸውን ስትነግረኝ ደነገጥሁ። የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ነው፤ በወለደች ማግሥት ደግሞ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ነጮን አስኮላሸሁት፤ ከተኮላሸ በኋላም ለሳምንታት ማስረገዝ ስለሚችል በመካከላቸው የሽቦ አጥር አቆምሁ። ማታ ማታ አጥሩን ተደግፈው፣ ጎን ለጎን ተዘርግተው ይተኛሉ። እኔ ቀን እቆጥራለሁ። 31ኛው ቀን ትናንት ወዲያ አለፈ፤ ዳለቻ አልወለደችም። እግዚአብሔር ይመስገን።

የከበደኝ የሚወስዳቸው ሰው ማግኘቱ ነው። የአካባቢው የእንስሳት መጠለያ ሞልቶ ነበር። የሚደውለው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዝርያቸው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ድቅል ናቸው ስል ድምፁ ይቀዘቅዛል። አንዲት ሴት ፎቶ ልኬላት «ጆሮዋ ለምን እንደዚያ ሆነ?» ብላ ሳትመለስ ቀረች። ጆሮዋ እንደዚያ የሆነው ጆሮው ከሚወድቅና ጆሮው ከሚቆም ዝርያ ስለተወለደች ነው፤ ሌላ ምንም የለባትም። እስከ 10 ዓመት አብራ ልትኖር ስለምትችል ፍጡር ሌላ የሚጠየቅ ጠፍቶ ነው? ድርቆሽ ትበላለች? ትፈራለች? ብቻዋን ትሆን ነበር?

ዛሬ የወሰደቻቸው ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ዝርያ አልጠየቀችኝም። ወለል ላይ ተቀምጣ ዳለቻ ራሷ እስክትመጣ ጠበቀች። ዋናው ምግባቸው ድርቆሽ መሆኑን፣ ካሮት ጥቂት ብቻ መሆኑን፣ ግማሽ ቀን ሳይበሉ ከዋሉ ሆዳቸው መሥራት ሊያቆም ስለሚችል ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለባት ልነግራት ስጀምር አስቀድማ ታውቀው ነበር። የዳለቻን ማህፀን ለማስወጣትም ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዛለች። ማህፀኑ ሳይወጣ ያረጀች ጥንቸል ብዙ ጊዜ በካንሰር ትያዛለች። እስከዚያ አጥሩ ይቆያል፤ ሽቦውን ራሴ ተከልሁላት።

እናቴ መጀመሪያ ጥንቸል ቤቴ እንዳለ ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ኦሪት የከለከለችውን ልትበዪ ነው?» ብላ ነበር። እንደማልበላ ስነግራት ዝም አለች። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ከደብረ ብርሃን ደውላ ከእኔ ጤና አስቀድማ «ያቺ ጆሮዋ የወደቀው በላች?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ አታድርም።

ዛሬም ደወለች።

«እማዬ፣ ለሰው ሰጠኋቸው» አልኋት።

ትንሽ ቆየች።

«አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ።»