ቡና እየቆሉ አሁን ላይ መቆየት

«ዛሬን ኑር» የሚለው ምክር እንዴት እንደሚኖር አይነግርም። ሐሳብ ደግሞ «አትሂድ» ስላሉት አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርዶቹ ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት 2,250 ሰዎችን ድንገት በስልካቸው እየጠየቁ ባጠኑት ጥናት፣ በ46.9 በመቶው ጊዜ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር። ሐሳባቸው በሄደባቸው ጊዜያት ደስታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ለልምምድ የመረጥኩት ቡና መቁላትን ነው። ብዙዎች ዕቃ ማጠብን ይመክራሉ፤ ለእኔ አልሠራም፤ ሳህን እኮ በቁም እየቃዡም ይታጠባል። ቡና ግን ዓይን ከተነሣበት ያርራል።

ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፤ አጠገብ ካለ እጅ ይሄዳል። 50 ግራም ገደማ ጥሬ ቡና ለቅሙና በሦስት ውሃ እጠቡት፤ ገለፈቱ እስኪለቅ በመዳፍ መካከል እሹት። ውሃውን አጠንፍፋችሁ ብረት ምጣድ ላይ፣ መካከለኛ እሳት ላይ አድርጉት። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይፈጃል።

አስቸጋሪው መጀመሪያው ነው። ለሦስት አራት ደቂቃ ከእንፋሎትና ከሣር ሽታ በቀር ምንም የለም፤ ሐሳብም የሚያመልጠው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እያመስኩ እቆጥራለሁ፤ አንድ ዙር አንድ፣ 10 ሲደርስ እንደገና ከአንድ። ራሴን 17 ላይ ካገኘሁት ሐሳቤ መሄዱን በዚያ አውቃለሁ። መናደድ አያስፈልግም፤ «ሄደ» ብሎ ወደ እጅ መመለስ ነው። «ዛሬስ በደንብ አተኮርኩ» ማለትም ያው መሄድ ነው፤ ይህን ለመረዳት ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

ፍሬው ቢጫ ሆኖ የዳቦ ሽታ ሲያመጣ መቁጠሩን ተዉትና ሽታውን ተከተሉ። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ በፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት ገፍቶ ሲወጣ ይንጣጣል፤ ከዚህ በኋላ ሥራው የጆሮ ነው። ከምትፈልጉት መልክ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት፤ የጋለ ምጣድ ከእሳት ቢወርድም መቁላቱን አያቆምም።

አንድ ፍሬ ሰብራችሁ እዩ። ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ከነጣ እሳቱ በዝቷል፤ ብዙ ጊዜ እሳቱን የሚያበዛው ችኮላ ነው። አንዱ ወገን አርሮ ሌላው ከገረጣ ደግሞ እጅ ቆሞ ነበር፤ ያኔ ምን እያሰባችሁ እንደነበር ማስታወስ አይከብድም። ጭሱን ለተቀመጠው ሁሉ ማዞርን አትዝለሉት። ወሬው ቆሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚተነፍስበት ሌላ ሰዓት በቤት ውስጥ እምብዛም የለም።

ውሃው ፈልቶ የተወቀጠው ቡና ከገባ በኋላ የጀበናውን አንገት ተመልከቱ፤ አረፋው ብቅ ካለ ለመገንፈል ጊዜ አይፈጅበትም። ካወረዳችሁት በኋላ እስኪሰክን አራት አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። እጅ ሥራ ስለሚፈታ ከመቁላቱ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው። ትንፋሽ እቆጥራለሁ፤ ሲወጣ አንድ፣ እንደገና ሲወጣ ሁለት። ቸኩሎ የቀዳ አተላውን ሲኒው ውስጥ ያገኘዋል።

ከአቦሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፉት በዝምታ እጠጣለሁ። ቶናና በረካ የጨዋታ ናቸው፤ እንግዳን ዝም ለማሰኘት መሞከር ቡናውን ማበላሸት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ በየቀኑ ካደረጋችሁት እጅ ይለምደውና እንደ ሳህኑ ይሆናል። ቡና የማይጠጣ ሰው የገብስ ቆሎ ይቁላ፤ ገብስ ቶሎ ስለሚያርር በ10 ፋንታ እስከ 5 ይቁጠር።