ስሜን ላይ ካርታው ገደል ከተተን

ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መስራት) ክላስ ውስጥ ብቻ ሲማሩት ፕሮጀክሽን (ክብ መሬትን ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ መዘርጊያው)፣ ዳተም (የካርታው ልኬት የሚነሳበት መነሻ) ምናምን የሚባለው ነገር ለፈተና የሚሸመደድ ነው የሚመስለው፣ ማንም ከልቡ አይሰማህም። ስለዚህ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ የምናስተምራቸውን ልጆች ይዘን ስሜን ተራሮች ወጣን። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ ፓርኩ ቢሮ ተመዝግበን መሳሪያ ያነገቱ ስካውት ተመደቡልንና ሳንቃበር ካምፕ ገባን። ብርዱን አልነግራችሁም! የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚሞት ሁሉም ስልኩን አቅፎ ነው ያደረው።

ጠዋት ወደ ቀጣዩ ካምፕ ወደ ግጭ ገደሉን ይዘን ስንሄድ ጠርዙ ላይ አስቆምናቸውና ስልካችሁ ላይ የዩቲኤም ኮኦርዲኔታችሁን (ያላችሁበትን ቦታ በሜትር የሚናገሩትን ሁለት ቁጥሮች) አንብቡ፣ ከዛ በማስመሪያ እየለካችሁ ወረቀቱ ካርታ ላይ ነጥብ አስቀምጡ አልናቸው። ካርታው የድሮው 1፡50,000 ነው፣ ኮንቱሩ (እኩል ከፍታን የሚያገናኘው መስመር) በየ20 ሜትር ከፍታ፣ ገደሉ ጋ ሲደርስ መስመሮቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ ቡና የተደፋበት ነው የሚመስለው። ልጆቹ ለኩ፣ ተያዩ፣ እንደገና ለኩ።

"ቲቸር፣ እኛ እኮ ገደል ውስጥ ነን" አለች አንዷ።

እውነቷን ነው፣ የሁሉም ግሩፕ ነጥብ ወደ ሰሜን ምስራቅ ከ200 ሜትር በላይ ሄዶ አየር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ስሜን ላይ ደሞ ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድበት ቦታ አለ። እኛ አውቀን ነው ያልነገርናቸው። ስልኩ የሚሰራው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው፣ ወረቀቱ ግን በአዲንዳን ዳተም ነው የተሰራው። አዲንዳን ግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ ቦታ ነው፣ የድሮ ካርታዎቻችን ልኬት የሚነሳው ከዛ ነው፣ የመሬት ቅርፁም የተወሰደው ክላርክ 1880 ከሚባለው የድሮ ስሌት ነው፣ የሳተላይቱ ግን ከመሬት መሃል ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ያው ቁጥር ሁለቱ ላይ ያው ቦታ አይሆንም። ሜዳ ላይ ቢሆን 200 ሜትር ማለት ከአንዱ ጤፍ ማሳ ወደ ሌላው ጤፍ ማሳ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል። ላፕቶፕ አውጥተን ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ነጥቡን ከኮድ 32637 (ደብሊውጂኤስ 84) ወደ ኮድ 20137 (አዲንዳን) ስንቀይረው ነጥቡ እግራችን ስር መጣ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። ስካውታችን "ታዲያ ቅድም የት ነበራችሁ?" ብለው ገደሉኝ በሳቅ።

ጅንባር ፏፏቴ ጋ ስንደርስ አለቱ ግማሹን ሰማይ ስለሸፈነው ስልኩ ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ (ስልኩ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየው) እየሰፋ ሄደ፣ ቦታህን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል ስንል የነበረውን እዛው አዩት። የጭላዳ ዝንጀሮ ያለበትን ቦታ ሪከርድ አድርጉ ያልናቸው ደሞ ሲሳቀቁ ዋሉ፣ ነጥብ ወስደህ ቀና ስትል መንጋው ሳሩን እየነጨ ሌላ ቦታ ነው። ሰዓት ካልመዘገብክ ነጥቡ ብቻውን ምንም አይልህም።

ለምትሄዱ፦ ኔትወርክ አትመኑ፣ ካርታችሁን ደባርቅ ሳላችሁ አውርዱ። ከነፃው የ30 ሜትር ዲኢኤም (የመሬት ከፍታ የተመዘገበበት ዲጂታል ካርታ) ላይ መንገድ አውጥታችሁ ደሞ አትሂዱ። አንዱ ፒክስል 30 ሜትር ቦታ ላይ አንድ ከፍታ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ቀጥ ያለው ገደል ስክሪን ላይ ተንሸራቶ የሚወረድ ቁልቁለት ይመስላል፣ ማታ ላይ ከዲኢኤሙ ያወጣነውን ፕሮፋይል (የገደሉን የጎን ቅርፅ) ከቀን ፎቷችን ጋር ጎን ለጎን ስናሳያቸው አንዱ ልጅ "በዚህኛው እኮ እኔም እወርዳለሁ" አለ።