ወደ ቆላ ሲወርዱ የጎማ ንፋስ መቀነስ ያስፈልጋልን?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርድ አሽከርካሪ በተደጋጋሚ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ቆላው ስለሚሞቅ ከጎማው ንፋስ ትንሽ አስቀንስ» የሚል ነው። አየር ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር ሁሉም ስለሚያውቅ ምክሩ ትክክል ይመስላል። እኔ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚያመዝን አምናለሁ።

የንፋስ መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የውጭው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት የግፊት መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዋሽ ግን 13 ይደርሳል። ስለዚህ በማለዳው 15 ዲግሪ ሙቀት 33 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ አዋሽ ሲደርስ፣ ከከፍታው መቀነስ የተነሣ ብቻ ልኩ በ2 ያህል ይወርዳል፤ የአየሩ ሙቀት 33 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ 3 በማይሞላ መጠን መልሶ ይወጣል። ሁለቱ ተቻችለው የሚተርፈው ልዩነት 1 ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም።

እርግጥ ነው፣ ጎማው በጉዞ ላይ ራሱም ስለሚሞቅ ልኩ ከዚህ በላይ ይጨምራል። ይሁን እንጂ አምራቾች የሚያወጡት ቁጥር ይህን ጭማሪ አስቀድሞ ያሰበ፣ ለቀዝቃዛ ጎማ የተሰጠ ልክ ነው። ይልቁንም አደገኛው የንፋስ ማነስ ነው፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ከልክ በላይ ስለሚተጣጠፍ ከውስጥ ይግላል፣ የተነባበረው አካሉም ሊላቀቅ ይችላል። ሰውና ዕቃ ሞልቶ በአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ለሚበር መኪና ንፋስ መቀነስ ማለት የተፈራውን ሙቀት በገዛ እጅ መጨመር ነው። እንዲያውም አንዳንድ አምራቾች ለሙሉ ጭነት ከፍ ያለ ልክ ያዝዛሉ።

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በአብዛኛው በሾፌሩ በር መቃን ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ከጃፓን በመጡት ቪትዝና ኮሮላ መኪኖች ላይ ጽሑፉ ባይነበብም ቁጥሩ ይነበባል፤ በኪሎፓስካል 230 የሚል ከሆነ 2.3 ባር ወይም 33 ፒኤስአይ ማለት ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ግፊት ስለሚያመለክት ለመሙያ አያገለግልም። የጎሚስታው ዓይንም ቢሆን፣ ልምዱን ሳልንቅ፣ መለኪያን አይተካም፤ የዛሬዎቹ ጎማዎች ልካቸው ሙሉ ሆኖም ከታች ትንሽ የተኛ መስለው ይታያሉና። በኪስ የምትያዝ አነስተኛ መለኪያ መግዛት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ልኬቱ መወሰድ ያለበት ጠዋት ከመነሣት በፊት ወይም መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። በመንገድ ላይ ቆሞ የጋለ ጎማ ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ያደርገዋል። ጤነኛ ጎማም በወር 1 ፒኤስአይ ያህል ስለሚያጣ በየወሩ መለካት ተገቢ ነው፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ማለዳዎች ልኩ ይበልጥ ወርዶ ይገኛል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ባትሪው ክብደት ስለሚጨምር ከቀድሞው የቤንዚን መኪናው የለመደውን ቁጥር ሳይሆን በአዲሱ መኪና ላይ የተለጠፈውን ይከተል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ትርፍ ጎማው ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ እንደ ሌሎቹ በ33 ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ420 ኪሎፓስካል ወይም በ60 ፒኤስአይ ይሞላል፤ ከተገጠመ በኋላም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሊነዳበት አይገባም። ልኩ በራሱ ጎን ላይ ስለሚጻፍ ወደ ቆላው ከመውረድ በፊት እርሱንም አውጥቶ መለካት ያስፈልጋል።