መዝገብ አይፋቅም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ማታ ማታ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖቻችንን አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ከፓርኪንግና ከአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ በቀጥታ የሚመጡ ስለሆኑ ከፈተናው ብዙም አልወጣም ነበር። «ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መቀጠል ባይችል ማን ይተካዋል?» ስላቸው «ምክትሉ!» ካሉኝ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

አንድ ማክሰኞ አንዲት ተማሪ «ምክትሉን ድሮም ፕሬዚዳንቱ ነበር የሚመርጠው?» አለችኝ። ሳላጣራ «አዎ፤ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ቶማስ ጄፈርሰንን ምክትሉ አድርጎ አብረው ተወዳደሩ» አልኩ። ሁሉም ጻፉ።

ሐሙስ ዕለት አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን የታሪክ መጽሐፍ በፌስታል ይዘው ቀድመውኝ ደረሱ። ጣታቸውን አንድ ሠንጠረዥ ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ አዳምስ 71፣ ጄፈርሰን 68 ይላል። አብረው ከተወዳደሩ ድምፁ ለምን ተለያየ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬውን አሠራር ወስጄ እዚያ ዘመን ላይ ለጥፌው ነበር።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በ1787 በተረቀቀው ሕገ መንግሥት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እያንዳንዱ ወኪል መራጭ (ፕሬዚዳንት እንዲመርጥ ግዛቶች የሚሰይሙት ሰው) ሁለት ስም ይሰጣል፤ የትኛው ለፕሬዚዳንትነት፣ የትኛው ለምክትልነት እንደሆነ አይለይም። ከወኪሎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ድምፅ ይዞ የቀደመው ፕሬዚዳንት፣ ተከታዩ ምክትል ይሆናል። በ1789 ዋሽንግተን 69፣ አዳምስ 34 አገኙ። አዳምስ በሹመቱ እጅግ አዝኖ፣ የሰው ልጅ ከፈጠራቸውና ካሰባቸው ሥራዎች ሁሉ የማይረባውን አገሬ ለእኔ አበጀችልኝ ብሎ ለሚስቱ ጽፏል። በ1796 ደግሞ የተሸነፈው ተቃዋሚ ጄፈርሰን የአሸናፊው የአዳምስ ምክትል ሆኖ አራት ዓመት ሴኔቱን መራ። አዳምስ የፈረመባቸውን ሕጎች የሚቃወመውን የኬንታኪ ግዛት ምክር ቤት ውሳኔ በስውር ያረቀቀውም ይኸው ምክትሉ ነው! በ1800 ምርጫ ጄፈርሰንና የራሱ ወገን የሆነው አሮን በር እኩል 73 አመጡ። ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄዶ በ36ኛው ዙር ድምፅ ነው የተፈታው። ለሁለቱ ሥልጣኖች ድምፁ ተለይቶ እንዲሰጥ ያደረገው 12ኛው ማሻሻያ በ1804 ጸደቀ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከማንኛውም ነገር በፊት «ደብተር አውጡ፤ የተሳሳተ ነገር አስጽፌያችኋለሁ» አልኩ። ለቀሩት ደወልኩ። ብዙዎቹ በላጲስ አጠፉት። እኒያ አባት ግን በማስመሪያ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩበትና ትክክለኛውን ከላዩ ጻፉ። አገር ቤት ሳሉ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ ነበሩ። «መዝገብ አይፋቅም፤ ይሰረዛል። ምን እንደነበር መታየት አለበት» አሉኝ። የእኔንም ማስታወሻ ተቀብለው እንደዚያው አሰመሩልኝ።

ያቺው ተማሪ እጇን አወጣች፤ «‹ምክትሉ ይተካዋል› የሚለውስ ከመጀመሪያው ነበር?» ፈተናው ላይ የሚመጣው ጥያቄ ስለሆነ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። «ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

ይዤም መጣሁ። በ1841 ፕሬዚዳንት ሃሪሰን በተሾመ በወሩ ሲሞት፣ ምክትሉ ታይለር ሥልጣኑን ይረከብ ወይስ ሥራውን ብቻ ያከናውን የሕገ መንግሥቱ ጽሑፍ ግልጽ አልነበረም። ታይለር «ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ተብሎ የተላከለትን ደብዳቤ ሳይከፍት ይመልስ ነበር። ነገሩ በማያሻማ ቃል የተጻፈው በ1967፣ በ25ኛው ማሻሻያ ነው።

አባባ «1841» ብለው ጻፉና ከሥሩ ሁለት መስመር ክፍት ተዉ።