ጓንዡ ከገበያው ውጭ

ለዕቃ ቻይና፣ ጓንዡ የሚመላለስ ሐበሻ ከተማዋን የሚያውቃት በሻውቤይ ሰፈርና በጅምላ ገበያዎቿ ነው። ዛሬ ግን ሥራ ትቼ ዞርኩ።

መጀመሪያ የቼን ቤተሰብ አዳራሽ ገባሁ። ቼን የሚባል ስም ያላቸው የአካባቢው ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ያሠሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 አለቀ። ልጆቻቸው ለመንግሥት ፈተና ሲመጡ ያርፉበት ነበር። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩት! ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸክላ ሰዎችና እንስሳት ተደርድረውበታል። አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት።

ሻምየን ደሴትም ሄድኩ። ቻይና በሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ የተካፈሏት ናት። አሁን የሙሽሮች ፎቶ መነሻ ሆናለች።

ማታ ደግሞ አዲሱ ከተማ። 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ማማ ከወንዙ ማዶ ቀለም ይቀያይራል። ያምራል፣ አልዋሽም። እኔን የገረመኝ ግን ከፎቆቹ ሥር ያለው ሊየደ ነው። የገበሬ መንደር ነበር። ፈርሶ በረጃጅም አፓርታማዎች ተተካ። ነዋሪዎቹ ግን የአያቶቻቸውን መታሰቢያ አዳራሾች እዚያው መልሰው አስገነቡ። የዘንዶ ጀልባ ውድድራቸውም አልቀረም።

ጓንዡ ያላችሁ፣ ሌላ የት ልሂድ? ገበያ እንዳትሉኝ ብቻ!