የእንቁጣጣሽ ካርድ በእጅ

ጳጉሜን ገብቶም የሐዋሳ ዝናብ አልለቀቀንም። ዛሬ ከእህቴ ልጅ ጋር ቤት ቁጭ ብለን የእንቁጣጣሽ ካርድ ስንሠራ ዋልን።

የደብተር ወረቀት አይሆንም፣ ይልፈሰፈሳል። በካሬ ሜትር ከ200 ግራም በላይ የሚመዝን ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከማጠፍ በፊት ማስመሪያ አስደግፎ፣ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ መሃሉን ጫን ብሎ ማስመር ነው። ያኔ እጥፋቱ አይሰነጠቅም። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ማጠፊያ አለ፤ የሻይ ማንኪያ ጀርባ ምን አነሰው?

ልጁ ቢጫ ወረቀቱን በአበባ ቅርጽ በሚቆርጥ መብሻ ቀጭ ቀጭ እያደረገ አደይ አበባ አዘነበው። ኮላ ሲበዛ ወረቀቱን ያኮማትረዋል፤ በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ማድረግ ይበቃል።

ለጎረቤት አድሎ ብር ሊሰበስብ ነው። ድርሻዬን ብጠይቀው «አክስቴ፣ እሱን እንኳ አታስቢው!» አለኝ።